የተዘጋ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ለአልሚ ሲተላለፍ፦ ለዲሲ ጎረቤቶች ጥያቄና መልስ

መላሽ፦ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን በዘጋችው ትምህርት ቤት ግቢ መኖሪያ ሊሠራ ሲታሰብ የሰፈሩ ሰው የት፣ መቼና እንዴት አስተያየት እንደሚሰጥ ጠይቁ። የምመልሰው የዞኒንጉን (በየቦታው ምን ሊሠራ እንደሚፈቀድ የሚወስነውን ደንብ) ጉዳይ ብቻ ነው።

ባለ ሮው ሃውስ፦ ከግቢው ጋር አጥር እንጋራለን። አልሚው በስብሰባ ላይ «አምስት ፎቅ እንሠራለን፣ የልጆች መጫወቻው ይቀራል» ብሏል። እንመነው?

መላሽ፦ በቃል የተባለ አይቆጠርም። መጀመሪያ ዞኒንግ ካርታው ላይ የግቢውን ዞን እዩ። አርኤፍ-1 (የሮው ሃውስ ሰፈር ዞን) ከሆነ ያለ ልዩ ፈቃድ የሚሠራው 3 ፎቅ፣ ቁመቱ እስከ 35 ጫማ፣ በአንድ ሕንፃ 2 መኖሪያ ነው። አምስት ፎቅ የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ ፒዩዲ የሚባለውን ልዩ የግንባታ ፈቃድ ሊጠይቅ ነው ማለት ነው፤ ከዞኑ በላይ ይፈቀድለትና በምትኩ ለሰፈሩ ጥቅም ይሰጣል። እናንተም መደራደር የምትችሉት እዚህ ላይ ነው። ማመልከቻ ከማስገባቱ ቢያንስ 45 ቀን ቀድሞ ከግቢው በ200 ጫማ ውስጥ ላሉ ባለንብረቶችና ለሰፈሩ ኤኤንሲ (ነዋሪው ለሚመርጠው የሰፈር አማካሪ ኮሚሽን) ማስታወቂያ መላክ አለበት። ድርድሩን ያኔ ጀምሩት፤ ሂሪንጉ (ዞኒንግ ኮሚሽኑ ጉዳዩን በይፋ የሚሰማበት ስብሰባ) ከደረሰ ንድፉ አልቋል። የመጫወቻው ስፋት፣ የሚከፈትበት ሰዓት፣ ጠጋኙ ማን እንደሆነ፣ ደግሞም ሕንፃው ውስጥ ሰው ከመግባቱ በፊት መጫወቻው መጠናቀቅ እንዳለበት በዞኒንግ ኮሚሽኑ ውሳኔ ውስጥ ይጻፍ። ያልተጻፈውን ማንም አያስፈጽምላችሁም።

የጆርጂያ አቬኑ ልጅ፦ ብዙ ፊርማ አሰባስበናል። ይበቃል?

መላሽ፦ አይበቃም። ኮሚሽኑ ፊርማ ቆጥሮ አይወስንም። ሕጉ «ታላቅ ክብደት» የሚሰጠው ለኤኤንሲው የጽሑፍ ሪፖርት ነው፤ እሱም ስብሰባው በአግባቡ መጠራቱን፣ ምልዓተ ጉባኤውን፣ የድምፁን ውጤትና ዝርዝር ቅሬታውን ካልያዘ ክብደቱን ያጣል። «ፕሮጀክቱን እንቃወማለን» ብቻ የሚል ደብዳቤ ዋጋ የለውም። ጥላው በየትኛው ጓሮ ላይ እንደሚያርፍ፣ የቆሻሻ መኪናው በየትኛው አሊ (የጓሮ መንገድ) እንደሚገባ ጻፉ። አጥር የምትጋሩ ደግሞ በፎርም 140 ባለጉዳይ ለመሆን ጠይቁ፤ ከሂሪንጉ ቢያንስ 14 ቀን በፊት ይገባል። ከሌላው ሰው በተለየ እንደሚነካችሁ አስረዱ። ባለጉዳይ የሆነ የአልሚውን ምስክር መስቀለኛ ጥያቄ ይጠይቃል። ተራ ተናጋሪ ግን 3 ደቂቃ ብቻ ነው ያለው።

እማማ ዘ ፔትዎርዝ፦ እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው፣ ልጄ። ተከራይም ነኝ።

መላሽ፦ ተከራይም ይናገራል፣ እማማ። አማርኛ ዲሲ መሥሪያ ቤቶቹ የሚያስተናግዱት ቋንቋ ነው። የሂሪንግ ማስታወቂያው ግርጌ ላይ በአማርኛ የተጻፈውን ያንብቡ፤ አስተርጓሚ ከስብሰባው 5 ቀን በፊት ይጠየቃል። በዕለቱ ሄዶ መጠየቅ ረፍዷል።

ባለ መኪናው፦ ዋናው ጉዳይ ፓርኪንግ ነው! አሁን እንኳ ማቆሚያ የለም።

የጆርጂያ አቬኑ ልጅ፦ መኪናህን ልታቆም ብለህ ሰው ቤት አያግኝ?

ባለ መኪናው፦ ቤቱን የሚያገኘው ማን ሆነና! ለአንተና ለእኔ የሚሠራ ይመስልሃል?

መላሽ፦ ክርክሩን ሌላ ቦታ። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ 10 መኖሪያና ከዚያ በላይ ሲሠራ በአቅም የሚገዛ ወይም የሚከራይ ቤት መመደብ ግዴታ ነው። አልሚው ግዴታውን እንደ ስጦታ ሲያቀርብ አትቀበሉ፤ ከግዴታው በላይ ስንት እንደሚጨምር ጠይቁ። ደግሜ፦ በጽሑፍ።

ስም የለኝም፦ የቤቴ ዋጋ ይወርዳል?

መላሽ፦ የቤት ደላላ ጠይቅ።

ባለ ሮው ሃውስ፦ ቤተ ክርስቲያኗ እንዳትሸጥ ኮሚሽኑ ይከለክላል?

መላሽ፦ አይከለክልም። ኮሚሽኑ የሚያየው የመሬቱን አጠቃቀም እንጂ ሻጩን አይደለም።

ስም የለኝም፦ ሲያፈርሱ አቧራውስ?

መላሽ፦ ይሄ ደህና ጥያቄ ነው። በድሮ ትምህርት ቤቶች 9 ኢንች በ9 ኢንች የወለል ንጣፍና የቧንቧ መጠቅለያ ውስጥ አስቤስቶስ (አቧራው ሳንባ የሚጎዳ ማዕድን) አይጠፋም። በፌዴራል ደንብ ከመፍረሱ 10 የሥራ ቀን በፊት በጽሑፍ ማሳወቅ ግድ ነው፤ አስቤስቶስ ባይገኝም እንኳ። የአስቤስቶስ ቅኝቱን ሪፖርት ኮፒ ጠይቁ።

ባለ መኪናው፦ መጫወቻውን እኮ በስብሰባው ላይ ቃል ገብተዋል፣ ምን ያስጨንቀናል?

መላሽ፦ ከላይ አንብብ።