ካርታው «ለመኖሪያ» ሲል ሱቅ ማውጣት ይቻላል ወይ ላሉት እህት

እህቴ፣ ጥያቄዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ከአባትዎ በውርስ ያገኙት ቤት አዲስ አበባ፣ አያት አካባቢ ነው፤ ነባር ይዞታ (ሊዝ የሚባለው በዓመታት የተወሰነ የመሬት ኪራይ ከመምጣቱ በፊት የተያዘ መሬት) ነው፤ ካርታው «ለመኖሪያ» ይላል። በአስፋልቱ በኩል ሱቆች አውጥተው ከላይ አንድ ፎቅ መጨመር አስበዋል። ጎረቤትዎ ደግሞ «ካርታ ካለሽ ማን ይከለክልሻል? እኔስ ሠርቼ የለም ወይ?» ብለውዎታል። እኔ በከተማዋ ዳርቻ ለሚኖሩ ባለይዞታዎች የቤት ንድፍ እየሠራሁ፣ ፋይላቸውንም ይዤ ክፍለ ከተማ እየተመላለስኩ የምተዳደር ሰው ነኝ። ይህ የጎረቤት ምክር ስንት ቤተሰብ እንዳስለቀሰ ስላየሁ ረዘም አድርጌ ልመልስልዎ።

ካርታው ቦታው በማን ስም እንደተመዘገበ፣ ስፋቱን፣ አዋሳኞቹንና የተሰጠበትን አገልግሎት ይናገራል። ዛሬ በዚያ ቦታ ላይ ስንት ፎቅ ሊቆም እንደሚችል፣ ቤቱ ከመንገዱ ምን ያህል መራቅ እንዳለበት፣ ንግድ ይፈቀድ እንደሆነ የሚወስነው የከተማው ፕላን ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ቤቱ የእርስዎ ነው፤ በመሬቱ የሚጠቀሙት ግን ፕላኑ በሚፈቅደው ልክ ነው።

ፕላኑ ደግሞ አንድ ወረቀት ብቻ አይደለም። መላውን አዲስ አበባ የሚሸፍነው መዋቅራዊ ፕላን አለ፤ የአሁኑ ከ2009 እስከ 2019 ላሉት ዓመታት የተዘጋጀ ነው። ከእርሱ ሥር ሰፈር በሰፈር፣ መንገድ በመንገድ የሚዘረዝር የአካባቢ ልማት ፕላን አለ፤ በቢሮዎቹ ኤልዲፒ ሲሉ ይሰማሉ። የእርስዎን ጉዳይ የሚቆርጠው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ሁለተኛው ነው። በአንድ ሰፈር ውስጥ እንኳን ዋናውን መንገድ ተንተርሰው ያሉት ቦታዎች ለቅይጥ አገልግሎት (ለመኖሪያም ለንግድም) ተመድበው፣ አንድ ቤት ወደ ውስጥ ገባ ያሉት ለመኖሪያ ብቻ ሆነው ያገኟቸዋል። ስለዚህ የጎረቤትዎ ሱቅ ለእርስዎ ማስረጃ አይሆንም። እርሳቸው በሌላ ምድብ ውስጥ ይሆናሉ፤ ወይም ያለ ፈቃድ ሠርተው እስካሁን ጠያቂ አልመጣባቸው ይሆናል።

አንድ ደንበኛዬ አጥራቸውን ተከትለው እስከ መንገዱ ጠርዝ ሱቅ ሊያወጡ ነበር። የአካባቢ ልማት ፕላኑን ስናይ በደጃቸው ያለችው የኮብልስቶን መንገድ ወደፊት እንደምትሰፋና መስፋቷም የግቢያቸውን ፊት እንደሚነካ አገኘን። ንድፉን ወደ ውስጥ ሳብኩት፤ አንድ ሱቅ ቀነስን፤ እርሳቸውም ለጊዜው ቅር አላቸው። መንገዱ ሲሰፋ ከጎናቸው ያለ ፈቃድ የተሠሩት ሱቆች ፈረሱ፤ ካሳም አልተከፈለባቸውም። እኒያ ሰዎች የዕድሜ ልክ ቁጠባቸውን ነበር ያፈሰሱበት። ይህን ሳስብ ዛሬም ያንገበግበኛል፤ ፕላኑን አስቀድሞ መጠየቅ ይቻል ነበርና።

እንግዲህ የሚጠይቁት ወረቀት ስሙ የፕላን ስምምነት ነው። ካርታዎን፣ መታወቂያዎንና የግብር ደረሰኝዎን ይዘው በክፍለ ከተማዎ የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው ቢሮ ያመልክቱ። የተፈቀደው አገልግሎት፣ የከፍታው ወሰን፣ ከመንገድና ከጎረቤት የሚተወው ርቀት (በሙያው ሴትባክ የምንለው) በጽሑፍ ይሰጥዎት። አንድ ባለሙያ በቃል «ችግር የለውም» ቢልዎት አይበቃም፤ ነገ እርሱ ወደ ሌላ ቦታ ይዛወራል። ንድፍ የሚያሠሩትም ከዚህ በኋላ ነው። የንድፍ ሠሪውን ሒሳብ ከፍለው ከጨረሱ በኋላ ፕላኑ የማይፈቅደው ሆኖ ሲገኝ ገንዘቡ ባክኖ ይቀራል።

ሲያመለክቱ ሱቅ የሚለውን አይደብቁ። በሕንፃ ሕጉ ሕንፃዎች እንደ አገልግሎታቸውና እንደ ቁመታቸው በምድብ ይከፈላሉ። የሚጠየቀው የንድፍ ዓይነትና የባለሙያ ደረጃ በምድቡ ስለሚለያይ ለመኖሪያ ብለው ፈቃድ አውጥተው ለንግድ ቢያውሉት ኋላ ችግር ላይ ይወድቃሉ። ፎቁን በተመለከተ ደግሞ ያለው ቤት የጭቃ ከሆነ ወይም ኮለን (የኮንክሪት ምሰሶ) ሳይኖረው በብሎኬት ብቻ የቆመ ከሆነ በላዩ ምንም አይጫንበትም። መሠረቱን የስትራክቸር መሐንዲስ ሳያየው አንድ ከረጢት ሲሚንቶ እንኳን አይግዙ።

ስለ ውርሱም ልንገርዎ። ካርታው አሁንም በአባትዎ ስም ከሆነ የስም ዝውውሩን ያስቀድሙ፤ ሌሎች ወራሾች ካሉም ስምምነታቸው በጽሑፍ ይሁን። በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት ነባር ይዞታ በውርስ ሲተላለፍ ወደ ሊዝ አይገባም። በሽያጭ ከተላለፈ ግን ገዢው የሚይዘው በሊዝ ነው፤ ነባር ይዞታ ከሊዝ ይዞታ ጋር ሲቀላቀልም እንዲሁ ሁሉም ሊዝ ይሆናል። ከጎንዎ ያለውን ቁራሽ ገዝተው ለማስፋት ካሰቡ ይህን አይርሱ። በዚሁ አዋጅ አዲስ አበባ ውስጥ የመኖሪያ ሊዝ 99 ዓመት፣ የንግድ 60 ዓመት ነው፤ የአገልግሎት ለውጥ ቀላል ነገር ያልሆነው በዚህም ምክንያት ነው።

ሌላው፣ ካርታው ላይ ያሉትን የኤክስና የዋይ ቁጥሮች በስልክዎ አስገብተው «ቦታዬ ሌላ ሰው ግቢ ውስጥ ነው» ብለው እንዳይደነግጡ። የአገራችን ካርታዎች በአብዛኛው የሚሠሩት አዲንዳን በተባለው የልኬት መነሻ ነው፤ ስልክዎ የሚጠቀመው ሌላ ነው፤ ልዩነቱም ከመቶ ሜትር በላይ ይሄዳል። ወሰኑን ቀያሽ ይለካልዎት።

የእህታችንን ጥያቄ የምታነቡ፣ ከአያት ወደ ለገጣፎ ወይም ከአቃቂ ወደ ገላን ያላችሁ ወገኖች ደግሞ አስቀድማችሁ ቦታችሁ የሚተዳደረው በአዲስ አበባ ይሁን በሸገር ከተማ አረጋግጡ። ሸገር በ2015 ከተመሠረተ ወዲህ ፕላኑም ቢሮውም የተለየ ነው፤ ደላላ «አዲስ አበባ ነው» ስላለ ብቻ ገንዘብ አትክፈሉ።

እህቴ፣ መልሱ «መኖሪያ ብቻ» ሆኖ ቢመጣ የአገልግሎት ለውጥ ማመልከት ይችላሉ፤ የሚፈቀደው ግን ፕላኑ ከተቀበለው ነው። ካልሆነም ለመኖሪያ የሚከራዩ ክፍሎች አስበው ንድፉን መቀየር ይቻላል። የፕላን ስምምነቱ ሲደርስዎት ስምዎንና የካርታ ቁጥሩን ሸፍነው እዚህ ይለጥፉት፤ እያንዳንዱን መስመር አብረን እናነበዋለን።