«ምኑ ይወራል?»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ቶኪዮ፣ ካትሱሺካ ነው። የቋንቋ ትምህርቴን ልጨርስ ነው፤ የጃፓንኛ ችሎታ ፈተናውንም ኤን 2 የሚባለውን ደረጃ አልፌያለሁ። አዲስ አበባ ሳለሁ 4 ዓመት የሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነበርኩ። በሚቀጥለው ወር እዚህ አንድ ሆቴል ለሥራ ቃለ መጠይቅ ጠርቶኛል። «ጠንካራ ጎንሽን ንገሪን» ሲሉኝ ምን ልበል? ታታሪ ነኝ፣ ታማኝ ነኝ ማለት ያሳፍረኛል። አንድ ማታ፣ መድኃኒታቸው ከሻንጣቸው ጋር የጠፋባቸውን አዛውንት እንግዳ ካረጋጋሁ ወዲህ፣ የተቆጣ ሰው ሲመጣ ባልደረቦቼ እኔን ነበር የሚጠሩት። ግን ይሄ ምኑ ይወራል?

መልስ፦ እህቴ፣ የሚወራውማ እሱ ነው።

ታታሪ፣ ታማኝ የሚለውን ተዪው። እኔም ጃፓን ሳለሁ፣ በመጀመሪያው ቃለ መጠይቄ እንደዚህ ያሉ አምስት ቃላት ደረደርኩ። ጠያቂው እስክሪብቶውን አስቀምጦ «ታቶኤባ?» አለኝ። «ለምሳሌ?» ማለቱ ነው። የምለው አጣሁ። አንቺ ግን ምሳሌው በእጅሽ ነው።

እኛ ወሬ ስንጀምር ከሥሩ ነው፤ ፍሬ ነገሩ መጨረሻ ላይ ይመጣል። እዚያ ገልብጪው። መጀመሪያ «ዋታሺ ኖ ትሱዮሚ ዋ ኪኩ ቺካራ ዴስ» በይ። ጠንካራ ጎኔ ሰው ማዳመጥ ነው ማለት ነው። አንድ ብቻ፣ ሌላ አትጨምሪ። ከዚያ ወደ አዛውንቱ ግቢ። ስንት ሰዓት ነበር? ምን እያሉ ነበር የሚቆጡት? ጭንቀታቸው መድኃኒቱ መሆኑን በምን አወቅሽ? ማን ጋ ደወልሽ? ባልደረቦችሽ ከዚያ ወዲህ አንቺን መጥራታቸውንም ንገሪያቸው፤ ራስሽን ሳታወድሺ ሌላ ሰው መሰከረልሽ ማለት ነው። በመጨረሻ ይህ ለእነሱ እንግዶች እንዴት እንደሚጠቅም ባንድ ዓረፍተ ነገር ተናግረሽ «ኢጆ ዴስ» በይ። «ይኸው ነው» እንደማለት ነው፤ መጨረስሽን ያውቃሉ።

አንድ ነገር ግን አደራ። አንቱታ ያደግንበት ስለሆነ የአክብሮት ንግግራቸው ብዙ እንግዳ አይሆንብሽም። የሚያሰናክለው ሌላ ነው። እኛ አለቃችንን የትም ብናነሳ «እሳቸው እንዳሉት» ነው የምንለው። በጃፓንኛ ግን በውጭ ሰው ፊት የራስሽን ወገን ከፍ አታደርጊም። ስለ ቀድሞ አለቃሽ ስታወሪ «ኦሻይማሺታ» አትበይ፤ በአክብሮት «እሳቸው አሉ» ማለት ነው፤ «ጆሺ ኒ ኢዋሬማሺታ»፣ አለቃዬ እንዲህ ብለውኛል፣ ይበቃል። የሚከበረው የጠያቂዎችሽ ድርጅት ነው። እሱንም በአፍሽ «ኦንሻ»፣ በጽሑፍ «ኪሻ» ትይዋለሽ።

በቃልሽ ሸምድደሽ እንዳትሄጂ። ዛሬ ማታ መልስሽን በድምፅ ስልክሽ ላይ ቅረጪውና ስንት ደቂቃ እንደፈጀ እዪ። ከአንድ ደቂቃ ካለፈ ቀንሺ፤ ከአዛውንቱ ታሪክ ላይ ግን አትንኪ።