አምስት ማርክ

ባለፈው ሳምንት አራት ኪሎ ማኪያቶዬን ይዤ ቁጭ ብያለሁ። የጎረቤቴ ልጅ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፣ ከየት መጣች ሳልል ስልኳን አፍንጫዬ ስር ደቀነችው። "ጋሼ፣ ቶሎ ይንገሩኝማ፣ ይሄ ተለዋጭ ነው ሰውኛ?" የዘይቤ ስም መሆኑ ነው፤ ተለዋጭ አንዱን ነገር ሌላ ነው ብሎ መጥራት፣ ሰውኛ ሰው ላልሆነው የሰው ጠባይ መስጠት። ሰላምታ እንኳ የለም። የዛሬ ልጆች ሰላምታችሁ ከጥያቄው በኋላ ነው የሚመጣው፣ እሱም ከመጣ።

ገጹን ሳየው ግን ቅሬታዬ ጠፋ። አውቀዋለሁ። የጥቁር አሜሪካዊቷ ደራሲ የዞራ ኒል ኸርስተን ልብ ወለድ ነው፤ "ዓይኖቻቸው እግዜርን ይመለከቱ ነበር"፣ እ.ኤ.አ. በ1937 የወጣው። ፍሎሪዳ፣ ኦኪቾቢ ሐይቅ ዳር፣ አውሎ ነፋሱ የሚመጣበት ምዕራፍ።

ይሄን ምዕራፍ አስተምሬዋለሁ። በ2001 ዓ.ም.፣ ፒያሳ አካባቢ በነበረ አንድ ኮሌጅ፣ የማታ ክፍል። የኮሌጁ ስም ይቅር። መጽሐፉ ስላልተገኘ ጥቂት ገጽ ፎቶ ኮፒ አድርጌ አደልኩ፤ እንግሊዝኛው ለሚከብዳቸው ደግሞ አንዳንድ ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ጨመርኩበት። ሐይቁ የሚነሳበትን ቦታ መጀመሪያ "አውሬው አልጋውን ለቀቀ" ብዬ ነበር የተረጎምኩት። አንድ አዛውንት የአማርኛ መምህር አይተው በሳቅ ሊሞቱ። "ምነው፣ ከሥልጣን የወረደ ንጉሥ ነው እንዴ?" እውነታቸውን ነው። "መኝታውን" ብዬ አስተካከልኩት፣ ግን የሆነ ነገር ቀረበት። የእንግሊዝኛው ቃል፣ "ቤድ"፣ ቅኔ ነው፤ የሚተኙበትንም ይላል፣ ውሃ የሚያርፍበትንም ወለል ይላል። ሰሙ ከእንቅልፉ የተነሳ አውሬ፣ ወርቁ ግድቡን ጥሶ የወጣ ሐይቅ።

ፈተና አወጣሁ። አራተኛው ጥያቄ ይቺኑ ዓረፍተ ነገር ሰጥቶ "ምን ዓይነት ዘይቤ ነው?" ይላል። አምስት ማርክ። የእኔ መልስ "ሰውኛ"።

ኋላ የሚቀመጥ አንድ ልጅ ነበር። ቀን ማተሚያ ቤት ይሠራል፣ ማታ ጥፍሩ ውስጥ ቀለም እንዳለ ይመጣል። ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። የጻፈው እንዲህ ነበር፦ "የዘይቤውን ስም አላውቀውም። ውሃ በሌሊት ሲመጣ ግን እንደዚህ ነው። መጀመሪያ ድምፁ ነው የሚመጣው።"

ዜሮ ሰጠሁት። በቀይ "ከጥያቄው ጋር አይገናኝም" ብዬ ጻፍኩበት። እዚያ ላይ ባቆም ምን ነበረበት። ወረቀት ስመልስ ስሙን ሳልጠራ ለክፍሉ አነበብኩት፣ እንዲህ አትመልሱ ለማለት። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ልጁ አልሳቀም፣ የተናደደም አይመስልም። ወረቀቱን ተቀበለኝ፣ አራት ቦታ አጠፈው፣ ሸሚዙ ደረት ኪስ ውስጥ ከተተና ኪሱን በመዳፉ መታ መታ አደረገው።

ስንወጣ ደረጃው ላይ አንዷ ተማሪ ጠበቀችኝ። "ቲቸር፣ እሱ እኮ የድሬ ልጅ ነው። ቤታቸው ደቻቱ ዳር ነበር።"

ደቻቱ ድሬዳዋን ለሁለት የሚከፍል የአሸዋ ወንዝ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ውሃ የለውም፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ማለቂያ ላይ ግን ከደጋው የወረደው ጎርፍ በሌሊት፣ ሰው በተኛበት መጣ። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። የልጁ ታናሽ ወንድም አንዱ ነው አለችኝ።

ቤቴ ገብቼ እነዚያን ገጾች እንደገና አነበብኳቸው። ስንቴ ያነበብኳቸው ናቸው! ሴሚኖሎቹ፣ የፍሎሪዳ ነባር ሕዝቦች፣ አስቀድመው ተሰልፈው ወደ ምሥራቅ ይሄዳሉ፤ ጥንቸሉም እባቡም ይከተላል። የእርሻ ሠራተኞቹ ግን የባቄላ ለቀማው ብር ስለያዛቸው አይነቃነቁም። ከዚያ ነፋሱ ይመጣል፣ መብራቱ ይጠፋል። ሐይቁ ከመነሳቱ በፊት ምን ያደርጋል መሰላችሁ? መኝታው ላይ ይገላበጣል፣ ያጉረመርማል። መጀመሪያ ድምፁ። ጨለማ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ጆሮ እንጂ ዓይን የለውማ! ደራሲዋ ለሐይቁ ድምፅ የሰጠችው ለማሳመር አይደለም፤ እነዚያ ሰዎች ውሃውን የሚያውቁበት ሌላ መንገድ ስላልነበራቸው ነው። እኔ አስተምሬው ያላየሁትን ልጁ በሦስት መስመር ጽፎልኝ ነበር።

በነገራችን ላይ አውሎ ነፋሱ ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. መስከረም 1928 ላይ የሐይቁ የአፈር ግድብ ፈርሶ ቢያንስ 2,500 ሰው ሞቷል፤ የሚበዙት ጥቁር የቀን ሠራተኞች ናቸው። በልብ ወለዱ ሬሳ የሚቀብሩት ሰዎች ነጩን በሳጥን፣ ጥቁሩን ኖራ በትነውበት በጅምላ ጉድጓድ እንዲቀብሩ ይታዘዛሉ፤ መልኩ ካልለየ ፀጉሩን እያዩ። ግነት መስሏችሁ እንዳታልፉት። ዌስት ፓልም ቢች ውስጥ 674 ጥቁሮች ምልክት በሌለው አንድ ጉድጓድ ተቀብረዋል። ምጸት ምን እንደሆነ የጠየቀኝ ካለ እዚህ ጋ ነው የማሳየው።

ስለዚህ የዘይቤ ስም አትሸምድዱ እላለሁ። እላለሁና ደግሞ፣ አራተኛ ዓመት ደርሶ እንቶኔ፣ ያ በቦታው የሌለውን እንዳለ አድርገን የምናናግርበት ዘይቤ፣ ምን እንደሆነ የማያውቅ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ሲገጥመኝ ደሜ ይፈላል። ሁለቱም እኔ ነኝ፣ ምን ላድርግ። ብቻ አያቶቻችን "ውሃ በላው" ሲሉ ዘይቤ እየተጠቀሙ መሆኑን የነገራቸው የለም። ያዩትን ነው ያሉት።

አምስቱን ማርክ አልመለስኩለትም። ውጤት ሬጅስትራር ገብቷል፣ አይነካም አልኩ ለራሴ። ውሸት ነው፣ ፎርም ሞልቼ ማስተካከል እችል ነበር። ክፍሉ ፊት ስቄበት ብቻውን ጠርቼ ይቅርታ ማለትም አሳፈረኝ። ዛሬ ነገ ስል ተርሙ አለቀ፣ ልጁም በሚቀጥለው አልተመዘገበም። አንዴ ማተሚያ ቤቱ ድረስ ሄጄ፣ በር ላይ ቆሜ የማሽኑን ጩኸት ሰምቼ ተመለስኩ። ለምን እንዳልገባሁ እስካሁን አላውቅም። በ2016 ያ ሰፈር ፈረሰ፤ አሁን ሰፊ የእግረኛ መንገድ ነው፣ ማታ መብራቱ ያምራል።

ይሄን ሁሉ ለልጅቷ ነገርኳት። ማኪያቶዬ ቀዘቀዘ። እሷ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ደፍታ ሰማችኝ፤ ይሄን እንኳ አልክድም። "ታዲያ ምን ልጻፍ?" አለችኝ። "አውሬ ካልሽው ተለዋጭ ነው፣ ማጉረምረሙን ካየሽ ሰውኛ ነው። ግን ድምፁን ጻፊው" አልኳት።

ማታ ደወለች። ጽፋው ነበር፣ ከነጨለማው፣ ከነጆሮው። ግን ስልኳ ላይ ያለው የመልስ መስጫ ሳጥን ከሃምሳ ቃል በላይ አልቀበልም አላት። ሰዓቱ ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ሁሉንም አጥፍታ "ሰውኛ" ብላ ላከችው። አምስት ከአምስት አገኘች።