ሐይቅ ዳር ቤት አግኝቻለሁ፤ ገንዘቡን ልላክ ወይ?

ጥያቄ

እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከደብረ ማርቆስ ነው። እዚሁ መምህርት ሆኜ ሳገለግል ቆይቼ፣ ጀርመን ውስጥ ራዶልፍዜል በምትባል ሐይቅ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ በአንድ የምርምር ተቋም ለሦስተኛ ዲግሪ ተቀብለውኛል። ሥራ የምጀምረው ኦክቶበር 1 ነው። ቪዛዬ ወጥቷል፤ ቤት ግን የለኝም። በኢንተርኔት ስፈልግ አንድ አፓርታማ አገኘሁ፦ 60 ካሬ፣ ሙሉ ዕቃ ያለው፣ በረንዳው ሐይቁን የሚያይ፣ ማሞቂያን ጨምሮ በወር 480 ዩሮ። ባለቤቷ ለሥራ ስፔን ስላለች ልታሳየኝ እንደማትችል፣ የ3 ወር መያዣ 1,440 እና የመጀመሪያ ወር 480፣ በድምሩ 1,920 ዩሮ ከላክሁላት ግን ቁልፉን በፖስታ እንደምትልክልኝ ጻፈችልኝ። የፓስፖርቷን ኮፒ ሳይቀር ልካልኛለች። አሜሪካ ያለው አጎቴ ገንዘቡን ሊልክ ተዘጋጅቷል። ሽቱትጋርት ያለች የአክስቴ ልጅ ደግሞ «እኔ ጋ ሁኚና ተመላለሺ» ትለኛለች። እናቴ በበኩሏ ከማታውቃቸው ሰዎች ጋር ቤት እንዳልጋራ ትለምነኛለች። እርስዎ እዚያው ሐይቅ ዳር እንደኖሩ በዚሁ ዓምድ አንብቤያለሁ። ምን ይመክሩኛል?

ሰ.፣ ከደብረ ማርቆስ

መልስ

እኅቴ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። ይህን እንዳየሽ ለአጎትሽ ደውይና ገንዘቡን እንዳይልኩ ንገሪያቸው፤ የቀረውን ከዚያ ተመልሰሽ ታነቢዋለሽ።

የጻፈችልሽ ሰው የምታከራየው ቤት የላትም። ፎቶው ከሌላ ሰው ማስታወቂያ የተወሰደ ይሆናል፤ ፓስፖርቱም እንዳንቺ ቤት ሲፈልግ የነበረ ሰው የላከላት ሊሆን ስለሚችል ያንቺን ኮፒ እንዳትሰጫት። ባለቤቱ ውጭ አገር ነው፣ ቁልፉ በፖስታ ይመጣል፣ ገንዘቡ ቀድሞ ይላክ፦ እነዚህ ሦስቱ አንድ ላይ ከመጡ ሌላ ምልክት አትጠብቂ። ዋጋውም ራሱ ይናገራል። ቦደንዜ ሐይቅ ዳር፣ በረንዳው ሐይቁን የሚያይ፣ ዕቃ የተሟላለት 60 ካሬ ቤት በ480 ዩሮ አይገኝም። ሴትዮዋ ሕጉንም አታውቀውም። በጀርመን መያዣ የሚሰላው ማሞቂያና ሌላው ወጪ ሳይጨመርበት ባለው ኪራይ ነው፤ «ቀዝቃዛ ኪራይ» ይሉታል። መያዣው ከ3 ወር ቀዝቃዛ ኪራይ መብለጥ አይችልም። ተከራዩም በ3 እኩል ወርሃዊ ክፍያ የመክፈል መብት አለው፤ የመጀመሪያው የሚከፈለውም ኪራዩ ሲጀምር ነው። እሷ ግን ማሞቂያ ያለበትን 480 በ3 አባዝታ፣ ቤቱን ሳታዪ፣ በአንድ ጊዜ አምጪ ትልሻለች። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚባለው ለእንዲህ ያለው ቤት ነው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። እዚያ ስትደርሺ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልግሽ አድራሻ ነው። ቤት በገባሽ በ2 ሳምንት ውስጥ ማዘጋጃ ቤት ሄደሽ ትመዘገቢያለሽ፤ «አንሜልዱንግ» ይባላል። ለዚህም አከራይሽ ቤቱ መግባትሽን በፊርማው የሚያረጋግጥበት ወረቀት ይዘሽ ትቀርቢያለሽ፤ ወረቀቱን መስጠት የአከራዩ ሕጋዊ ግዴታ ነው። የግብር ቁጥርሽ በፖስታ የሚመጣልሽ በዚያ አድራሻ ነው። የመኖሪያ ፈቃዱም፣ ባንኩም ይጠይቁሻል። ስለዚህ ማንኛውንም ክፍል፣ ለሁለት ወርም ቢሆን፣ ከመያዝሽ በፊት «እዚህ አድራሻ መመዝገብ እችላለሁ?» ብለሽ ጠይቂ። አይቻልም ካሉሽ ርካሽ ነው ብለሽ አትግቢ።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ ነገር አለ። እኛ አገር ደብዳቤ የሚመጣው በፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው። እዚያ ፖስተኛው የሚያድለው በር ላይ ያለው የደብዳቤ ሣጥን ላይ የተጻፈውን ስም እያየ ነው። ትልቅ ሕንፃ ከሆነ በውስጡ ያሉት አፓርታማዎች ብዙ ጊዜ የየራሳቸው ቁጥር የላቸውም፤ ደወሉም የሚታወቀው በስም ነው። ስምሽ ከሌለ የባንክ ካርድሽም ሆነ የግብር ቁጥርሽ ወደ ላኪው ይመለሳል። የገባሽ ዕለት ስምሽንና የአባትሽን ስም ፓስፖርትሽ ላይ በሰፈረው ፊደል ጽፈሽ ሁለቱም ቦታ ለጥፊ።

ጊዜያዊ ክፍል ለማግኘት ወቅቱ ግማሽ በግማሽ ይረዳሻል። ሐይቁ ዳር ያሉ ብዙ ቤቶች በበጋ ለእረፍት መንገደኛ በቀን የሚከራዩ ናቸው፤ ከኦክቶበር በኋላ ጎብኚው ስለሚሄድ አንዳንድ ባለቤቶች ቤቱን እስከ ፋሲካ ድረስ ባለበት ዕቃ ለወራት ያከራያሉ። በሌላ በኩል የጎረቤቷ ከተማ የኮንስታንዝ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሚገባው በዚያው ወር ስለሆነ ሽሚያው ብዙ ነው። ስለዚህ ለተቋምሽ ዛሬ ጻፊ፤ ለእንግዳ ተመራማሪ የሚያዝ ክፍል እንዳላቸው፣ የሚለቅ ባልደረባ እንዳለ ጠይቂ። መጠየቅ ያሳፍራል ብለሽ እንዳትተዪው፤ ከሩቅ ለሚመጣ ሰው ይህ የተለመደ ጥያቄ ነው።

ዋናውን ቤት ግን እዚያው ሆነሽ ፈልጊ። እኛ አገር ባሕር ዳር ከተማ ቤት የፈለገ ሰው ደላላ ይዞ ይዞራል፣ ቤቱ ሲገኝ ለደላላው ይከፍላል። በጀርመን ከ2015 ጀምሮ የኪራይ ደላላውን የሚከፍለው የቀጠረው ወገን ነው፤ ብዙ ጊዜ አከራዩ ማለት ነው። ቤት ለማሳየት ብቻ ገንዘብ የሚጠይቅሽ ካለ ትተሽው ሂጂ። ለጋራ ቤት «ቬጌ ጌዙኽት»፣ ለሌላው «ክላይንአንትሳይገን» የሚባሉትን ገጾች ተመልከቺ፤ የአካባቢውን ጋዜጣ «ዙድኩሪየር»ንም አትናቂ፤ ትልልቅ ሰዎች ኢንተርኔት ላይ የማያወጡት ቤት አለ።

ማስታወቂያ ስታነቢ «ባለ 2 ክፍል» ማለት ወጥ ቤትና መታጠቢያ ሳይቆጠር ነው። ዕቃ የሌለው ቤት ሲሉሽ ደግሞ ብዙ ጊዜ እውነትም ባዶ ነው፤ ምድጃ የለም፣ የዕቃ ማጠቢያ ገንዳ የለም፣ ከጣሪያው አምፖል ተነቅሎ ሽቦ ብቻ ተንጠልጥሎ ታገኛለሽ። ወጥ ቤቱ ተገጥሞ ያለ መሆኑን ሳታረጋግጪ በኪራዩ ማነስ አትደሰቺ። የቀድሞው ተከራይ ወጥ ቤቱን ግዢኝ የሚልበትም ጊዜ አለ።

አሁን ቤቱን ወደሚያስገኘው ነገር ልምጣ፤ እሱም ደብዳቤሽ ነው። እኔና ባለቤቴ የኖርንበት ቤት አከራይ ጡረታ የወጡ መምህርት ነበሩ። ልናይ ስንሄድ ደብዳቤያችንን በወረቀት አትመው ጠረጴዛ ላይ ዘርግተውታል፤ ሁለት ቦታ በእርሳስ አስምረውበታል። አንዱ የሥራ ውሌ የሚያበቃበት ዓመት ነው። ሁለተኛው «የመጣነው እኛም ከሐይቅ ዳር ነው» ያልንበት ቦታ ነው። ክፍሎቹን ከማሳየታቸው በፊት ስለ ጣና ጠየቁን። ባለቤቴ የዘጌ ሰው ነውና እርሳሱን ተቀብሎ ታንኳ ከደንገል እንዴት እንደሚታሰር በደብዳቤው ጀርባ ሣለላቸው። ከዚያ የጠየቁን ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፦ በክረምት መስኮት በቀን ስንት ጊዜ ትከፍታላችሁ? በኖቬምበር ሐይቁ ጭጋግ ይለብሳል፤ ቤት ተዘግቶ ከዋለ ግድግዳው ይሻግታል፤ ለሻጋታው ደግሞ ተከራይና አከራይ ይካሰሳሉ። ጠዋትና ማታ መስኮቱን ወለል አድርጎ ለጥቂት ደቂቃ መክፈት፣ ከዚያ መዝጋት ነው። ይህን እንደምታውቂ ከነገርሻቸው ግማሹን መንገድ ሄደሻል።

ደብዳቤሽ አጭር ይሁን፤ በጀርመንኛ ጽፈሽ የአገሬው ሰው የሆነ ባልደረባ ያርምልሽ። እንዲህ ቢሆን እወዳለሁ፦

«ከኦክቶበር 1 ጀምሮ ራዶልፍዜል በሚገኝ የምርምር ተቋም እሠራለሁ። ውሌ እስከ … ዓመት ድረስ ነው፤ የተጣራ ደመወዜ … ዩሮ ነው። የምኖረው ብቻዬን ነው፤ አላጨስም። የመጣሁት ከኢትዮጵያ፣ ከጎጃም ነው። ጀርመን አዲስ ስለሆንሁ የሹፋ ማስረጃ ገና የለኝም፤ በምትኩ የሥራ ውሌን ላሳይዎ እችላለሁ። ቤቱን መጥቼ ማየት እፈልጋለሁ።»

ሹፋ የሰው ዕዳ አከፋፈል የሚመዘገብበት ተቋም ነው፤ አዲስ ገቢ መዝገብ ስለሌለው ቀድመሽ ብትናገሪው ይሻላል። ሃይማኖትሽን ወይም ልጅ ለመውለድ ማሰብሽን ቢጠይቁሽ የመመለስ ግዴታ የለብሽም።

ፍለጋሽን ራዶልፍዜል ላይ ብቻ አታጥብቢው። «ዜሃዝ» የሚባለው ባቡር ከኮንስታንዝ ተነሥቶ በአለንስባኽ፣ በማርክልፊንገን፣ በራዶልፍዜል አድርጎ ወደ ዚንገን ያልፋል፤ በየግማሽ ሰዓቱ ይመጣል። ዚንገን የፋብሪካ ከተማ ናት፤ ሐይቅ የላትም፤ ቤት ግን ከሐይቁ ዳር ይረክሳል። ካርታው ላይ ቅርብ መስሎሽ ወደ ክሮይትስሊንገን እንዳትሻገሪ፤ ከኮንስታንዝ ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ብትሆንም ስዊዘርላንድ ናት፤ የጀርመን ፈቃድ እዚያ አያኖርሽም።

የአክስትሽ ልጅ በመልካም ልብ ነው ያለችሽ፤ ግን ከሽቱትጋርት ባቡሩ ለመሄድ ብቻ 2 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ክረምቱ ሲጨልም በየቀኑ አትችዪውም። በማትኖሪበት አድራሻ መመዝገብም ሕገ ወጥ ነው። ለበዓል ሂጂላት፤ ዶሮውን እሷ ጋ ሥሪ።

የእናትሽን ነገር አቅልዬ አላየውም፤ የእኔም እናት ያው ነበሩ። በጋራ ቤት ማለትም በ«ቬጌ» ግን እያንዳንዱ የራሱ ክፍል አለው፤ የሚጋሩት ወጥ ቤትና መታጠቢያ ነው። ሴቶች ብቻ የሚኖሩበትም አለ፤ ማስታወቂያው ላይ ይጻፋል። ከመወሰንሽ በፊት በቪዲዮ አነጋግሪያቸው፤ እናትሽም አጠገብሽ ይቀመጡና ይዩአቸው። ለመጀመሪያው ክረምት ብቻሽን ዘግተሽ ከመቀመጥ ወጥ ቤት ውስጥ ሰው ያለበት ቤት ይሻልሻል ብዬ ከልቤ አምናለሁ። ማታ መታመም አለ፣ ያልገባሽ ደብዳቤ መምጣት አለ።

ቡና ስትቆዪ መስኮቱን ቀድመሽ ክፈቺ። በዚያ ክልል በየመኝታ ክፍሉ የጭስ ማስጠንቀቂያ መኖሩ በሕግ የታዘዘ ነው፤ አንድ ክፍል ቤት ከሆነ ደግሞ መኝታሽም ወጥ ቤትሽም እዚያው ነው። በእነሱ አቆጣጠር ከ22 ሰዓት እስከ ጠዋት 6፣ በእኛ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማለት ነው፣ ጸጥታ ነው። ደረጃ በተራ የሚጠረግበት ቤት ከገባሽ ተራሽን አታሳልፊ፤ ጎረቤት የሚያውቅሽ በዚያ ነው።

ውል ሲሰጡሽ እዚያው ቆመሽ አትፈርሚ፤ ወደ ቤት ይዘሽ ሂጂ። ቀዝቃዛው ኪራይ፣ ተጨማሪው ወጪ፣ መያዣው ለየብቻ መጻፋቸውን እይ። መብራትና ኢንተርኔት ብዙ ጊዜ ከውሉ ውጭ ናቸው። ለመልቀቅ የ3 ወር ማስታወቂያ በጽሑፍ ትሰጫለሽ፤ በፊት ከለቀቅሽም ኪራዩ ይቆጠርብሻል። ቁልፍ ስትረከቢ የግድግዳውን ጭረት፣ የመብራትና የማሞቂያ ቆጣሪውን ቁጥር ፎቶ አንሽ፤ በርክክብ ወረቀቱ ላይም አስጽፊ፤ መያዣሽን ስታስመልሺ ክርክሩ የሚነሣው እዚያ ላይ ነው። ያልገባሽ አንቀጽ ካለ ስምና የባንክ ቁጥር ሸፍነሽ በዚሁ ዓምድ አድራሻ ላኪልኝ፤ አንብቤ እመልስልሻለሁ።