እርጉዝ ነኝ፣ ያልተፈላ የግመል ወተት ጠጥቼ አተኮሰኝ፣ እውነት ታይፎይድ ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር እንዴት ነዎት። ከኮምቦልቻ ነኝ፣ የ6 ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፣ የመጀመሪያዬ ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት ባቲ የባለቤቴ ቤተሰቦች ጋ ሄደን ያልተፈላ የግመል ወተት ጠጣሁ አይብም በላሁ። አሁን 3 ቀኔ ነው፣ ያተኩሰኛል ያንቀጠቅጠኛል ወገቤንም ይቆረጥመኛል። አማቴ ምች ነው ብለው ዳማ ከሴ አሽተው ሰጡኝ፣ ክሊኒክ ደግሞ ታይፎይድ ነው ብለው ሲፕሮ የሚባል አንቲባዮቲክ አዘዙልኝ፣ ፈርቼ አልጀመርኩትም። የባለቤቴ እህትም እርጉዝ ናት፣ አብራኝ ጠጥታ እሷ ምንም አልሆነችም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ ግን ይሄን አንብበሽ ስትጨርሺ ቤት አትቀመጪ፣ ዛሬውኑ የሐረጎን ዳገት ወጥተሽ ደሴ ሪፈራል ሆስፒታል ሂጂ። ስትገቢም መጀመሪያ የምትናገሪው "የ6 ወር እርጉዝ ነኝ፣ ያልተፈላ ወተት ጠጥቻለሁ፣ ያተኩሰኛል" ይሁን፣ ምክንያቱም ወተቱን ካልነገርሻቸው ማንም ላያስበው ይችላል።

እኔን የሚያሳስበኝ ሊስቴሪያ የሚባል ባክቴሪያ ነው። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም በሽታ አይደለም፣ ግን ነፍሰ ጡር ላይ ከሌላው ሰው 10 እጥፍ ገደማ ይበዛል፣ ክፋቱ ደግሞ እናትየዋን እንደ ጉንፋን ትንሽ ቁርጥማትና ትኩሳት ብቻ አሳይቷት በእንግዴ ልጁ አልፎ ፅንሱ ላይ ይበረታል፣ ውርጃ፣ ያለ ቀኑ ምጥ፣ ሆድ ውስጥ መሞት ያመጣል፣ በህይወት የተወለደውንም ህፃን ማጅራት ገትር ሊያሲዘው ይችላል። ለዚህ ነው የእርጉዝ ትኩሳት ምች ነው ተብሎ ሲታለፍ የሚያንገበግበኝ።

ሊስቴሪያ ነው ብዬ እየፈረድኩ ግን አይደለም። ባቲ ቆላ ነው፣ ስለዚህ ወባ የግድ ይታይ። ያልተፈላ ወተት ብሩሴላ የሚባል ከከብት የሚተላለፍ ባክቴሪያም ያመጣል፣ እሱም ያተኩሳል ወገብ ይቆርጣል። የሽንት ኢንፌክሽንም እንደዛው። ታይፎይድ ያሉሽ ዊዳል በሚባለው የደም ምርመራ ከሆነ ደግሞ ዊዳል ድሮ ታሞ የዳነ ሰው ላይም ፖዘቲቭ ስለሚል ብቻውን አይታመንም። ባክቴሪያውን የሚለየው የደም ካልቸር ነው፣ ማለትም ከደምሽ ባክቴሪያውን አሳድጎ የሚያሳይ ምርመራ፣ አንቲባዮቲክ ከመጀመርሽ በፊት ደም ይወሰድልሽ፣ የሰገራ ምርመራ ለሊስቴሪያ አይጠቅምም። ውጤቱ ቀናት ይፈጃል፣ ሐኪሙ ከጠረጠረ ግን ውጤት ሳይጠብቅ አምፒሲሊን በደም ስር ይጀምርልሻል፣ ለእርጉዝ የሚሆን መድሃኒት ነው። ፔኒሲሊን አለርጂክ ከሆንሽ ቀድመሽ ተናገሪ። ሲፕሮን እርጉዝ ላይ ሌላ አማራጭ እያለ አንመርጠውም፣ በየቦታው የሚወጋው ሴፍትሪያክሶንም ሊስቴሪያን አይነካውም። ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል መውሰድ ትችያለሽ። የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰብሽ፣ ሆድሽ እየቆየ ከጨመደደሽ፣ ደም ወይ ውሃ ከፈሰሰሽ ሌሊትም ቢሆን ሂጂ።

ወተቱን በተመለከተ አማትሽን ሳታስቀይሚ ንገሪያቸው፣ እንግዳ አክብረው ነው የሰጡሽ። የግመል ወተት ሲፈላ መድሃኒትነቱ ይጠፋል የሚባለውን እኔም ሁሌ እሰማለሁ፣ እቃው በወይራ ስለታጠነም ንፁህ ይመስላል፣ ግን ጭሱ ባክቴሪያውን አይጨርሰውም፣ እርጎ መሆኑም አያስተማምንም። ወተት ገንፍሎ ይፍላ። አይብ የሚወጣው አሬራው ለብ ብሎ ስለሆነ ያ ሙቀት አይበቃም፣ ካማረሽ ቤትሽ ከተፈላ ወተት አውጪ ወይም ከጎመን ጋር በደንብ አብስይው። ጥሬ ሥጋና ለብለብ ክትፎ እስክትወልጂ ይቅርብሽ። ፍሪጅም አያታልልሽ፣ ሊስቴሪያ ከብዙዎቹ ባክቴሪያዎች የሚለየው ብርድ ላይም መራባቱ ነው፣ ያደረ ወጥ እንፋሎት እስኪወጣው ይሙቅ። ደቡብ አፍሪካ በ2017 እና 2018 እ.ኤ.አ ፋብሪካ ሰርቶ ያሸገው ሞርታዴላ መሳይ ሥጋ ከ1000 ሰው በላይ በሊስቴሪያ አሳምሞ ከ200 በላይ ገድሏል፣ ከታመሙት 40 በመቶ ገደማ አራስ ህፃናት ነበሩ፣ ስለዚህ የታሸገ ስለሆነ ብቻም አትመኚው።

የባለቤትሽ እህት ምንም ካላመማት አሁን ምርመራም መድሃኒትም አያስፈልጋትም። ግን ሊስቴሪያ ከተበላ በኋላ ምልክት ሳያሳይ እስከ 70 ቀን ሊቆይ ስለሚችል በሚቀጥሉት ሁለት ወራት ትንሽም ካተኮሳት ቀን ሳትቆጥር ሆስፒታል ትሂድ፣ ስለ ወተቱም ትንገራቸው። ለክትትል ስትሄድም ካርዷ ላይ ያስፅፉላት።