የአባቴን ጊታር ልጣለው ወይስ ላስጠግነው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከአዳማ ነው። አባቴ በወጣትነቱ በሠርግ ባንድ ውስጥ ጊታር ይጫወት ነበር። ካረፈ አራት ዓመት ሆነው። ጊታሩ አልጋ ስር ከሃያ ዓመት በላይ ተቀምጧል። ቀይ ነው፤ ጭንቅላቱ ላይ «ቴይስኮ» ይላል፤ አራት ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ አምፑ የሚያስተላልፍ ማግኔት) አለው። አምፕ ላይ ስሰካው እምምም ይላል፤ ቮሊዩሙን ሳዞረው ይንኮሻኮሻል፤ ሦስተኛው ፒክአፕ ጭራሽ ድምፅ የለውም። ቃኝቼው ሁለት ደቂቃ አይቆይልኝም። አንድ ባለሙያ ጋ ወስጄው «ርካሽ የጃፓን ዕቃ ነው፤ ፒክአፖቹን በሙሉ ቀይሪ፣ ቀለም አስቀቢው፤ ካልሆነ አዲስ ግዢ» አለኝ። ተማሪ ነኝ፣ ብዙ ገንዘብ የለኝም። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ልጄ፣ አባትሽን ነፍሱን ይማርልሽ። ጊታሩን አትጣይው። ቀለም አታስቀቢው። ፒክአፖቹንም ለማንም አትስጪ። እነዚህን ሦስቱን ከያዝሽልኝ ሌላውን ረጋ ብለን እናየዋለን።

ርካሽ ነበር መባሉ እውነት ነው። በ1960ዎቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ቴይስኮ ከጃፓን ወደ አሜሪካ በብዛት ይላክ ነበር። ገዢዎቹ ፌንደርና ጊብሰን የመግዛት አቅም የሌላቸው ጀማሪ ልጆች ነበሩ። በ1967 ካዋይ የሚባለው የጃፓን ኩባንያ ፋብሪካውን ጠቀለለው። ርካሽ ማለት ግን ሁሉ ነገሩ ክፉ ነው ማለት አይደለም። ወርቃማ ሽፋን ያላቸውን የቴይስኮ ፒክአፖች ዛሬ ሰዎች ለብቻቸው እየፈለጉ ይገዟቸዋል። ራይ ኩደር የሚባለው አሜሪካዊ ጊታሪስት ከነሱ አንዱን ነው ስትራቶካስተር በሚባለው የፌንደር ጊታሩ ላይ የገጠመው። «በሙሉ ቀይሪ» የተባልሽው እንግዲህ ምናልባት የጊታሩን ምርጥ ክፍል ነው።

ሰው አሮጌ ጊታር እጁ ሲገባ መጀመሪያ ገንዘቡን ፒክአፕ ላይ ያፈሳል። ይህን ስንት ጊዜ አይቻለሁ! ቅኝት የማይይዝ ጊታር ላይ ጥሩ ፒክአፕ ብትገጥሚ የተበላሸውን ቅኝት ነው አጥርቶ የሚያሰማሽ። ስለዚህ መጀመሪያ አንገት፣ ቀጥሎ ቅኝት፣ ከዚያ በኋላ ሽቦ።

አንገቱን እንዲህ እዪው። ወፍራሙን ክር በአንድ እጅሽ መጀመሪያው ፍሬት (አንገቱ ላይ በአግድም የተሰካው ቀጭን ብረት) ላይ፣ በሌላው እጅሽ አንገቱ ከገላው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ጫኚው። ክሩ እንደ ማስመሪያ ይሆንልሻል። ሰባተኛው ፍሬት ላይ በክሩና በፍሬቱ መካከል የቢዝነስ ካርድ ውፍረት ያህል፣ 0.3 ሚሊሜትር ገደማ ክፍተት ካለ አንገቱ ጤነኛ ነው። ከዚያ በብዙ ከበለጠ ጎብጧል። ጭንቅላቱ አካባቢ ወይም አንገቱ ግርጌ ላይ የሚዞር ብሎን ካገኘሽ ሩብ ዙር ብቻ አጥብቂው። ከዚያ እስከ ነገ ተዪው። እንጨት ጊዜ ይፈልጋል።

አንዳንድ የድሮ ቴይስኮዎች ግን የሚዞር ነገር የላቸውም። ያንቺም እንዲህ ከሆነ ቀጭን ክር ግዢ። በ648 ሚሊሜትር የክር ርዝመት፣ ማለትም በፌንደሩ ልክ፣ ከ10 የሚጀምረው (የቀጭኑ ክር ውፍረት 0.010 ኢንች የሆነው) የክር ስብስብ አንገቱን ወደ 47 ኪሎ በሚጠጋ ኃይል ይስበዋል። ከ9 የሚጀምረው ወደ 39 ኪሎ ነው። ስምንት ኪሎ ለአሮጌ እንጨት ቀላል እፎይታ አይደለም።

ክሮቹ አስራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ሁለት ሚሊሜትር ገደማ ከፍ ቢሉ ጥሩ ነው። ብሪጁን፣ ክሮቹ ገላው ላይ የሚያርፉበትን ብረት፣ እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርገሽ አሁንም ከፍ ካሉ፣ ክሮቹን አላልተሽ አንገቱን የያዙትን አራት ብሎኖች ፍቺ። አንገቱ የሚቀመጥበት ጉድጓድ ውስጥ፣ በብሪጁ በኩል ባለው ጫፍ፣ ቀጭን የካርድ ቁራጭ አስገቢና መልሰሽ እሰሪው። አንገቱ ትንሽ ወደ ኋላ ይጋደማል፤ ክሮቹም ይወርዳሉ።

አሁን ሁለት ደቂቃ አይቆይም ወዳልሽው ቅኝት እንምጣ። ሁሉም ሰው መቃኛዎቹን ነው የሚወቅሰው። ስትቃኚ ክሩ «ጢክ» ብሎ ከዘለለ ግን ችግሩ መቃኛው ላይ አይደለም፤ ክሩ ከጭንቅላቱ በታች ያለችው ቦይ ውስጥ ተይዞ ነው። ቦይዋን በእርሳስ ጫፍ ደህና አድርገሽ ቀቢያት። የእርሳሱ ዱቄት ክሩን ያንሸራትተዋል። ምንም ወጪ የለውም። መቃኛዎቹን ደግሞ በነጭ ጋዝ በራሰ ጨርቅ ጥረጊና በየጥርሳቸው አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ጣል አድርጊ። አዲሱን ክር ስትጠመጥሚ ሦስት ዙር ያህል ይበቃል፤ አስር ዙር የተጠመጠመ ክር መርጋት አይችልም።

ቦይዎቹ የተቀረጹበት ቁራጭ ነት ይባላል። ብዙ ቴይስኮዎች ላይ ከነቱ ቀጥሎ፣ ከመጀመሪያው ፍሬት በፊት፣ አንድ ተጨማሪ ፍሬት አለ። ዜሮ ፍሬት ይሉታል። ያንቺ ካለው የክሩን ከፍታ የሚወስነው እሱ ነው፤ ነቱ ክሮቹን ከማራራቅ ያለፈ ሥራ የለውም። ዜሮ ፍሬቱ ላይ ክሩ የቆፈረው ጎድጓዳ ካየሽ ያንን አንድ ፍሬት ብቻ በጥሩ ባለሙያ አስቀይሪ። ከሌለው ግን ነቱን ከአጥንት ማሠራት ይቻላል።

የእኔ ሁለተኛ ጊታር ነቱ ፕላስቲክ ነበር። አንድ ሠርግ ላይ ከኪቦርዱ ጋር አልገጥም ብሎኝ ሌሊቱን ሙሉ ስቸገር አደርኩ። በማግስቱ ሥጋ ቤት ሄጄ የበሬ ቅልጥም ለመንኩ። ቀቀልኩት። ቅባቱ እስኪወጣ ደግሞ ሳሙና ባለው ውሃ ቀቀልኩት። ሳምንት ሙሉ ጣራ ላይ አሰጣሁት። ከዚያ በብረት መጋዝ ቆርጬ በሞረድ አስተካከልኩት። ቦይዎቹን የሞረድኩት ከአሮጌ ወፍራም ክሮች በተቆረጡ ቁራጮች ነው። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ያ አጥንት ዛሬም እዚያው ጊታር ላይ አለ።

ክሮቹ ሲገቡ የስልክሽን መቃኛ ክፈቺ። አስራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ክሩን ሳትጫኚ በጣትሽ ብቻ ነክተሽ የሚወጣውን ደወል መሳይ ድምፅ፣ ከዚያ ፍሬቱን ተጭነሽ የሚወጣውን አወዳድሪ። ሁለቱ እኩል መሆን አለባቸው። የተጫንሽው ከፍ ካለ ብሪጁን ከአንገቱ አርቂ፤ ዝቅ ካለ አቅርቢ። ብሪጁ አንድ ወጥ ብረት ከሆነ ለስድስቱም ክር እኩል አይመጣም። እኔ ብሆን ለሦስቱ ቀጫጭን ክሮች አደላለሁ፤ ዜማው የሚወጣው እዚያ ነውና። አንቺ ሆዬ ላይ ያሉት ጠባብ እርምጃዎች ትንሿን ስህተት እንኳ አይደብቁም። ከማሲንቆ ጋር ብትጫወቺ ደግሞ ወዲያው ይሰማሻል።

ሽቦውን ከመንካትሽ በፊት በስልክሽ ፎቶ አንሺው፣ ከየአቅጣጫው። ለሚንኮሻኮሸው ቮሊዩም ኮንታክት ክሊነር (የኤሌክትሪክ መገናኛዎችን የሚያጸዳ የሚነፋ ፈሳሽ) ወደ ውስጡ ንፊና ሠላሳ ጊዜ ያህል ወዲያ ወዲህ አዙሪው። ማብሪያ ማጥፊያዎቹንም እንደዚሁ። አብዛኛው ጩኸት እዚህ ላይ ያበቃል። ገመዱ የሚሰካበትን ጃክ ግን በአዲስ ቀይሪው፤ ዋጋው ትንሽ ነው፣ ሰፈርሽ ያለ ሬዲዮ ጠጋኝ በደቂቃዎች ይበይድልሻል።

እምምም የሚለው ድምፅ ክሩን ስትነኪ ከቀነሰ የመሬት ሽቦው ደህና ነው። ምንም ካልተለወጠ ወይም ከባሰ ከብሪጁ ስር የሚመጣው ሽቦ ተበጥሷል፤ አስበይጂው። አደራ የምልሽ ነገር ግን አለ። የጊታሩ ክሮች በገመዱ በኩል ከአምፑ አካል ጋር የተገናኙ ናቸው። ቤቱ የመሬት ሽቦ ከሌለው ወይም አምፑ አሮጌ ከሆነ 220 ቮልት ወደ ጣትሽ ሊመጣ ይችላል። ክሩን ይዘሽ ማይክ ስትነኪ ትንሽ እንኳ ከነዘረሽ ጊታሩን አስቀምጪ፤ አምፑን ከሶኬት ንቀዪ፤ ኤሌክትሪሺያን ሳያየው መልሰሽ አትሰኪው።

ድምፅ የሌለውን ሦስተኛ ፒክአፕ በመልቲሜትር እንየው። ሁለቱን ሽቦዎቹን ከማብሪያው ለዪና ኦም ላይ ለኪ። ከ3 እስከ 10 ኪሎ ኦም መካከል ካነበበ ፒክአፑ በሕይወት አለ፤ የሞተው ማብሪያው ወይም ብየዳው ነው። ምንም ካላነበበ ውስጡ የተጠመጠመው ሽቦ ተበጥሷል። ያ ሽቦ ከፀጉር የቀጠነ ስለሆነ ራስሽ አትክፈቺው። ሦስት ፒክአፕ ይዘሽም መጫወት ትችያለሽ።

ፍሬቶቹ ያሉበትን እንጨት በትንሹ በረጠበ ጨርቅ ጥረጊ። ቫርኒሽ ካልተቀባ ሁለት ሦስት ጠብታ የተልባ ዘይት ቀብተሽ ከደቂቃዎች በኋላ ሙሉ በሙሉ አድርቂው። ጨርቁን ጨምድደሽ አትጣይው፤ የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ራሱ ግሎ ሊቀጣጠል ይችላል። ዘርግተሽ ውጪ አስጪው። የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ደግሞ ወደ ጊታሩ አታስጠጊ፤ ብናኙን የፒክአፑ ማግኔት ስቦ ያስቀረዋል።

ስለ ቀለሙ። እኔ የመጀመሪያ ጊታሬን በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ ጥቁር ቀባሁት። ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ክንዱን ያሳርፍበት የነበረው ቦታ ደብዝዞ ነበር። እሱንም አብሬ ፋቅሁት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ያንቺን ጊታር ወደ መስኮት ብርሃን አዘንብለሽ ከላይ በኩል ጠርዙን እዪው። ቀዩ የሳሳበት ቦታ ካለ የአባትሽ ክንድ ያረፈው እዚያ ነው። ለስላሳ ጨርቅ ብቻ ይበቃዋል።

ሦስተኛው ፒክአፕ መልቲሜትሩ ላይ ስንት እንዳነበበና የጭንቅላቱን ፎቶ ላኪልኝ። ዜሮ ፍሬት እንዳለው ማየት እፈልጋለሁ።