አባቴ «ስንት አገባህ?» ይለኛል

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፤

የምኖረው ሐዋሳ ነው፣ 19 ዓመቴ ነው፣ ተስፋ ቡድን ውስጥ እጫወታለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ 10 ቁጥር ነበርኩ፣ ከአጥቂዎቹ ኋላ ሆኖ ጨዋታ የሚፈጥረው፤ ሰፈር ውስጥ አብዶ ከተነሳ የሚጠራው የእኔ ስም ነው። ዘንድሮ የመጣው አሰልጣኝ ግን «አንተ የተከላካይ አማካይ ነህ» ብሎ ከተከላካዮቹ ፊት ተከለኝ። ይኸው ስምንት ጨዋታ፣ ጎል የለ፣ አሲስት የለ፣ ስሜንም የሚጠራ የለ። ሜዳውን ሙሉ ስሮጥ እውላለሁ፣ ኳስ ያለበት ሁሉ አለሁ። ባለፈው ሳምንት ገና በ20ኛው ደቂቃ ሸርተቴ ገብቼ ቢጫ አየሁ፣ ከዚያ በኋላ ሰው መንካት ፈራሁ፣ ከእረፍት መልስ ተቀየርኩ። ቤት ስገባ አባቴ «ስንት አገባህ?» ይለኛል። ወደ ቦታዬ መልሰኝ ልበል ወይስ ቡድን ልቀይር?

ወንድሜ፣

ቡድን አትቀይር። ቢያንስ ዘንድሮ።

ደብዳቤህን ሳነብ ዓይኔ የቆመው «ኳስ ያለበት ሁሉ አለሁ» ያልከው ላይ ነው። ጉብዝና መስሎህ ነው የጻፍከው፣ ለ6 ቁጥር፣ ማለትም ለተከላካይ አማካይ፣ ግን ትልቁ ጥፋት እሱ ነው። አንተ ኳሷን ተከትለህ ወደ መስመር ስትወጣ ከመሀል ተከላካዮቹ ፊት ያለው ቦታ ወና ይቀራል፣ የእነሱ 10 ቁጥር እዚያ ዘና ብሎ ይቀበላል፣ አንተ ከሩቅ እየሮጥክ ስትደርስ ከሸርተቴ ሌላ ምርጫ የለህም። ቢጫህ የተጻፈችው ቦታህን የለቀቅክ ጊዜ ነው፤ ዳኛው ዘግይቶ ነው ያወጣት።

ሩጫህን ቀንስ። ኳሷ ወደ አንተ ከመምጣቷ በፊት በትከሻህ ላይ ወደ ኋላ ገልመጥ በል፣ ሁለት ሦስቴ። ከኋላህ ማን እንዳለ ካወቅክ ያ አብዶህ እዚህም ይሠራልሃል፤ በአንድ ንክኪ ሰውዬውን አታለህ ትዞራለህ። ደግሞ 10 ቁጥር የት መቆም እንደሚወድ ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም። አሰልጣኝህም ይህን ያየ ይመስለኛል፤ መልሰኝ ከማለትህ በፊት ምን እንደሚፈልግብህ ጠይቀው።

ማንም ስሜን አይጠራም ላልከው፣ እውነትህን ነው። ሪያል ማድሪድ እንኳ አላየም። እ.ኤ.አ. በ2003 የተከላካይ አማካያቸው ማኬሌሌ ደሞዝ ጨምሩልኝ አለ፣ እምቢ አሉት፣ ቸልሲ ወሰደው፤ ማድሪዶች በዚያው ክረምት ቤካምን አመጡ። ከዚያ በኋላ እስከ 2007 ድረስ ላሊጋን አላገኙትም። ቸልሲ በ2004/05 ፕሪሚየር ሊጉን ሲያነሳ በ38 ጨዋታ የገባበት 15 ጎል ብቻ ነው። ሁሉም የማኬሌሌ ሥራ ነው አልልም፣ በረኛው ቼክና ተከላካዩ ቴሪም ነበሩ። ግን ይህን ቦታ አሁን ሰው እያየው ነው፤ የዓለም ምርጥ ተጫዋች ሽልማት የሆነውን የ2024ን ባሎንዶር የወሰደው ሮድሪ ያንተው ቦታ ላይ የሚጫወት ነው።

አባትህን በሚቀጥለው ጨዋታ ይዘኸው ሂድ። አስር ደቂቃ ኳሷን ትቶ አንተን ብቻ እንዲያይ ለምነው። ከዚያ አሞራ ገደል ወስደህ ዓሣ ጋብዘው። አሁንም «ስንት አገባህ?» ካለህ፣ «ስንት ገባብን?» በለው።